የረባሽ ልጅ ተግሣፅ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች

በየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ሕፃን፣ ቢያንቀላፋ ኩርኩም፣ ቢያጠፋ አለንጋ፣ ቢኮበልልም እግረ ሙቅ እንደሚጠብቀው አሳምሮ ያውቅ ነበር። ይህን ጭካኔ ላስተባብል አልሻም፤ ብረት በእግሩ የገባበት ሕፃን ሥቃይ በዳዊት ንባብ አይካስምና። ነገር ግን ሁሉም ልጅ በአንድነት ተቀምጦ እያንዳንዱ የየራሱን ምዕራፍ በከፍተኛ ድምፅ ስለሚያነብ፣ በዚያ ጉባኤ ጩኸት ራሱ ትምህርት እንጂ ረብሻ አልነበረም፤ የኔታ ጆሯቸውን የሚያቀኑት ድምፁ ለጠፋው ልጅ ነበር። የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ስለሚያስቀጽልም፣ እጅግ የሚቅበጠበጠው ሳይቀር ከበታቹ አንድ ታናሽ አደራ ይሰጠው ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ሲጀመር፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አንዱ መምህር የሚናገርበት፣ ሌላው ሁሉ በጽሙና የሚያደምጥበት ሥርዓት ገባ፤ በእኔ አስተያየት ዛሬ ረባሽ የምንለው ልጅ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ትናንት ድምፁን ከፍ አድርግ ተብሎ የተመታው፣ ዛሬ ዝም በል ተብሎ ተመታ።

ከተማው ሰፍቶ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ መከፈል ግድ ሲሆንበት፣ ስልሳና ከዚያም የሚበዛ ልጅ በአንድ ክፍል ሲታጨቅ፣ መምህሩ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ልጅ ማንበርከክና በጎማ መግረፍ ያዘ፤ እርሱ በሌለበት ሰዓትም የክፍሉ አለቃ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም እየጻፈ ይጠብቀው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስባቸው የአካል ቅጣት ነጻ ሲያወጣ፣ ሊደረግ የሚገባው ተደረገ፤ በአለንጋው ፈንታ ግን ለዚያ ብቸኛ መምህር የተሰጠው ረዳት ጥቂት ነበር።

ለመምህሩ የቀረው ቅጣት «ወላጅ አምጣ» ነው። እናቱ በጉሊት የምትውል ልጅ የእናቱን የዕለት ገበያ ላለማስፈታት፣ ወይም አባቱን በመፍራት፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የሚያመጣው ወላጅ በማጣት፣ ከሠፈሩ አንድ ጎልማሳ ለምኖ «አጎቴ ናቸው» እያለ በበሩ ይገባል። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ወቀሳውን ይሰማል፣ ልጁን በመምህሩ ፊት ይቆጣል፣ ፈርሞም ይወጣል፤ የኔታ ቢሆኑ ኖሮ የልጁን አጎቶች ሁሉ በስም ያውቋቸው ነበር።