በስቴም ሴል የጥርስን ኅብረ ሕዋስ መልሶ ማሳደግ፦ ሕክምናው የደረሰበት ደረጃ

የተጎዳ ጥርስ በአብዛኛው የሚታከመው በመሙላት፣ ክዳን በማልበስ ወይም በመንቀል ነው። የጠፋውን ኅብረ ሕዋስ መልሶ ለማሳደግ የሚደረገው ጥረት ግን በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፤ እነርሱም ስቴም ሴል፣ ሕዋሱ ተይዞ የሚያድግበት ርብራብ እና ዕድገቱን የሚመሩ ፕሮቲኖች ናቸው። ርብራቡ ሕንፃ ሲሠራ እንደሚቆመው የእንጨት መወጣጫ ሊታይ ይችላል፤ ከኮላጅን፣ ከፋይብሪን ወይም ከካልሲየም ፎስፌት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ አዲሱ ኅብረ ሕዋስ ቦታውን ሲይዝ ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ይፈለጋል።

በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በአዋቂዎች የጥርስ ነርቭ ውስጥ፣ በ2003 ደግሞ በሚወልቅ የወተት ጥርስ ውስጥ ስቴም ሴል መኖሩን አሳውቀዋል። በ2018 የቻይና ተመራማሪዎች ከልጆች የወተት ጥርስ የተገኘውን ሕዋስ በራሳቸው በልጆቹ የተጎዳ የፊት ጥርስ ውስጥ በማስገባት፣ የደም ሥርና ስሜት ያለው ኅብረ ሕዋስ መልሶ ማደጉን አሳይተዋል። ኢናሜል ግን ከዚህ ውጭ ነው። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ የተሸረፈ ኢናሜል በራሱ አይተካም። በሰው አፍ ውስጥ ሙሉ ጥርስ ማብቀልም ገና በምርምር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ስለሆነም “በስቴም ሴል ጥርስ እናበቅላለን” የሚል ማስታወቂያ ያጋጠመው ተገልጋይ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የተቋሙን የሥራ ፈቃድ፣ ጥናት ነው ከተባለም የሥነ ምግባር ኮሚቴውን የጽሑፍ ፈቃድ ሊጠይቅ ይገባል።

በክሊኒክ ደረጃ በሥራ ላይ የሚገኘው ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ቀለል ያለ ዘዴ ነው። የሚጠቅመውም በተለይ ቋሚ ጥርሳቸው በቅሎ የሥሩ ጫፍ ገና ላልተዘጋ ልጆች ነው፤ ጫፉ የሚዘጋው ጥርሱ ከበቀለ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ውስጥ በመድኃኒት ካጸዳ በኋላ ከሥሩ ጫፍ ጥቂት ደም እንዲፈስ ያደርጋል። የረጋው ደም ራሱ ርብራብ ይሆናል፤ በሥሩ ጫፍ አካባቢ ያሉ ስቴም ሴሎችም ወደዚያ ይገባሉ። በብዙ ልጆች ሥሩ ይወፍራል፣ ይረዝማልም፤ በሁሉም ላይ ግን አይሳካም፣ የሚያድገውም ብዙ ጊዜ ከነርቭ ይልቅ አጥንት መሰል ነው። በመሆኑም በራጅ የተደገፈ ክትትል ማቋረጥ አይገባም።

ብዙ ወላጆች የፊት ጥርሱን የተመታ ልጅ ካላመመው ሳያሳክሙት ይቆያሉ። ነርቩ ግን ያለ ሕመም ሊሞት፣ የሥሩም ዕድገት በዚያው ሊቆም ይችላል። የጥርሱ ቀለም መጥቆር ወይም በድድ ላይ የሚወጣ ብጉር ምልክቱ ነው። ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ሥሩን ሳይነኩና ሳይፍቁ፣ ወዲያውኑ ወደ ቦታው መመለስ ካልተቻለም በወተት ውስጥ አድርገው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። የወለቀ የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም።