ቁጥሩ ሳይለወጥ ፍርዱ ሲለወጥ

ፍኖተ ሰላም ማለት «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ከቡሬ ገጠር የተነሣች እናት ለታሰረ ልጇ በሶና ቆሎ ቋጥራ ወደዚያ ከተማ ማረሚያ ቤት ስታቀና፣ ዓይኗ የሚደርሰው እስከ በሩ ድረስ ነው። ከግንቡ ወዲያ ዱላ ቢነሣ፣ ጥይትም ቢተኮስ፣ እውነቱን ሊነግራት የሚችለው ነጻ አጣሪ ብቻ ነው። ለመሆኑ የአገራችን የማጣራት ታሪክ ለዚህች እናት ምን ተስፋ ይሰጣታል?

በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ በምርጫ 97 ውዝግብ ስትናጥ፣ የቃሊቲ ወህኒ ቤት ጠባቂዎች በእስረኞች ላይ ተኮሱ። ሊያመልጡ ሞክረዋል የሚል ምክንያትም ተሰጠ። ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 478/1998 ያቋቋመውና ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ። ሾልኮ የወጣው ረቂቅ ዘገባው እንደሚለው፣ በቃሊቲ ከ1,500 በላይ ጥይት ተተኩሶ 17 እስረኞች ሞቱ፣ 53 ቆሰሉ። ከ10ሩ የኮሚሽኑ አባላት 8ቱ በሁከቱ ወቅት የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ሲሉ ድምፅ ሰጡ።

ከዚያስ? ሰብሳቢውና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ተሰደዱ። በ1999 ዓ.ም. ለፓርላማው የቀረበው ዘገባ ደግሞ ኃይሉ ከመጠን አላለፈም አለ። ልብ በሉ፤ በመላው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ሁለቱም ዘገባዎች ይስማሙበታል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፍርዱ ነው።

ሬሳ መቁጠር ማጣራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መርሕ፣ በእስረኛ ላይ መተኮስ የሚፈቀደው የተደቀነ የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋን ለመከላከል፣ ወይም እንዲህ ያለ አደጋ የሚያስከትል እስረኛ እንዳያመልጥ የግድ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ አጣሪው የሚጠይቀው እያንዳንዱ ተኳሽ ምን አደጋ እንደገጠመው፣ ማንስ እንዳዘዘው ነው።

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ታሪክ ራሱን ይደግማል። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ሲቃጠል የተኩስ ድምፅ ተሰምቷል፤ 23 እስረኞች መሞታቸውንም መንግሥት አመነ። በእነርሱ ሞት ተከስሰው ችሎት የቆሙት ግን 38 እስረኞች ነበሩ።

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 424 እስረኛን የሚያሰቃይ ባለሥልጣንን ይቀጣል። ሕግስ አለን፤ የጎደለን እውነቱን አይቶ ሳይሰደድ፣ ፍርዱም ሳይገለበጥበት የሚናገር አጣሪ ነው። እስከዚያ ድረስ የቡሬዋ እናት ስንቋን ታቀብላለች እንጂ፣ ከግንቡ ወዲያ ያለውን አታውቅም።