ከቃሬዛው በፊት ያሉት ደቂቃዎች



ቃሬዛን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች፣ በመሐላቸው የተወጠረ ገመድ፣ አራት ተሸካሚ፣ ከኋላ ደግሞ ለመቀየር የሚከተል የሰፈር ሰው። በወሎ ቅሬ፣ በሌላው አካባቢ እድር ያለው ሁሉ ጎረቤቱ ሲታመም ትከሻውን ይሰጣል። ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው ተብሎ አይጠየቅም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ዛሬም አምቡላንሳችን ይኸው ነው።

ይህን ታሪክ ከጓሳ ሆነን እንየው። ጓሳ በመንዝ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ብርዳማ ሜዳ ነው። ከምሥራቅ ጫፉ ቁልቁል ሲመለከቱ የይፋት ቆላ ይታያል። ደጋው ላይ የመንዝ ገበሬና እረኛ፣ ቆላው ላይ የይፋት ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከዚህ የታመመ ሰው መጀመሪያ በሰው ትከሻ ወይም በበቅሎ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ፣ ከበደም ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ጉዞው በሰዓት ነው የሚቆጠረው።

ልቡ ድንገት ለቆመ ሰው ግን ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ልብ ደም መርጨት ሲያቆም አእምሮ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ማንም ሳይረዳው በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። እንግዲህ ቃሬዛ እስኪመጣ፣ ሰው እስኪሰበሰብ፣ ታማሚው እስኪታሰር ድረስ ነገሩ ያልቃል ማለት ነው። ትከሻ ብርቱ ነው፤ ልብ ግን አይጠብቅም።

ታዲያ የቀደሙት ምን መላ አመጡ? ሐኪሙን ወደ ወደቀው ሰው ማምጣት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በሲራ እንደተመዘገበው ሩፈይዳ (ረ.ዐ.) በመዲና መስጂድ ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም ነበር። ሰዕድ ኢብን ሙዓዝም (ረ.ዐ.) በኸንደቅ ዘመቻ ሲቆስሉ ወደዚያው ተወስደዋል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ በደረሰበት በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) ነው። ያን ጊዜ «አምቡላንስ» ሲባል መኪና ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሙን፣ መድኃኒቱንና ድንኳኑን ይዞ ወደ ጦር ግንባር የሚጓዝ የሕክምና ጓድ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 ደሴ ላይ ቀይ መስቀል የተሣለበት ሆስፒታል በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። በዚያው ወር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ጓድ ቦምብ ዘነበበት። ሕክምናን ወደ ሰው ማድረስ ሕይወት ያስከፈለባቸው ዓመታት ነበሩ።

የቆመ ልብን የማስነሳቱ ጥበብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ሐኪሞች ደረትን ከፍተው ልብን በእጃቸው ያሹ ነበር፤ ይህ የሚሆነው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ግን በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩት ኩዌንሆቨን፣ ጁድ እና ኒከርቦከር ደረት ሳይከፈት ከላይ በመጫን ብቻ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳወቁ። ከሦስቱ አንዱ ኩዌንሆቨን ሐኪም ሳይሆን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው መሣሪያ ሁለት እጅ ሆነ፤ ሁለት እጅ ደግሞ ጓሳም ላይ አለ።

ቀጥሎ የሰሜን አየርላንድ ከተማ ቤልፋስት ትመጣለች። ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ በልብ ሕመም ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ እንደሚሞቱ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቱ የሚመልሰውን መሣሪያ አምቡላንስ ላይ ጫነው። በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ነበር። ዛሬ አንድ ሰው በእጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል።

ለእኛ ለወጣቶች የሚበልጠው ትምህርት ግን ያለው አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ በዚያች ከተማ በሽተኛን የሚያጓጉዘው የፖሊስ መኪና ነበር፤ በመንገድ ላይ ሕክምና የለም። በ1967 «ፍሪደም ሀውስ» የተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ። ሠራተኞቹ ከአንድ የድሆች ሰፈር የተመለመሉ፣ ብዙዎቹ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። ዶክተር ፒተር ሳፋር ትንፋሽ መስጠትንና ደረት መጫንን አሠለጠናቸው። «ለሥራ አይሆኑም» የተባሉት ልጆች ለዘመናዊው የአምቡላንስ ሕክምና መንገድ ጠረጉ። በ1975 ከተማዋ የራሷን አገልግሎት ስትጀምር ፍሪደም ሀውስ ተዘጋ፤ የሥልጠናው ፍሬ ግን ለመላው አሜሪካ ተረፈ።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የማደንዘዣ ባለሙያው ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን አቋቋመ። በ2010 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን አምቡላንሱ የቱንም ያህል ቢፈጥን የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች የሚይዛቸው አጠገብ ያለው ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ሰው ሲወድቅ ውኃ እንረጫለን፣ ክብሪት እንለኩሳለን፣ ከዚያ ተሯሩጠን እናነሣለን። ሲጠሩት የማይመልስ፣ የማይተነፍስ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጣጥር ሰው መነሣት የለበትም። ባለበት ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ይተኛ። አንዱ ስልክ ይደውል። ሌላው መዳፉን በመዳፉ ላይ ደርቦ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እየገፋ ይጫን፤ ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ። ሲደክመው ሌላው ይተካው። ቃሬዛ ተሸካሚ የሚቀያየረውን ያህል እዚህም ይቀያየራል፤ ልዩነቱ ቅብብሉ የሚጀምረው ከመንገዱ በፊት መሆኑ ነው።

የጓሳ ሰዎች ይህን ዓይነት መደራጀት ከእኛ መማር አያሻቸውም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግተው እየጠበቁ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ እየከፈቱ ኖረዋል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሜዳው እስከ ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው። ሣርን ተማምሎ ለዘመናት የጠበቀ ሕዝብ፣ የሰውን ነፍስ ለ5 ደቂቃ መጠበቅ አያቅተውም።

እኛስ በከተማ ያለነው? ጀማዓ፣ እድር፣ የስፖርት ቡድን፣ የትምህርት ቤት ክበብ አለን። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። በየመስጂዳችን ቢያንስ 10 ወጣት ይሠልጥን፤ ለበዓል ወደ ገጠር ስንሄድም ለአያቶቻችን መንደር የቃሬዛ ተሸካሚዎች እናሳያቸው። ትከሻውን እነርሱ አስተምረውናል፤ እጁን ደግሞ እኛ እናድርስላቸው።