ጅማ ዋንጫ ያነሣበት፣ ወልዲያ የወረደበት ዓመት

የ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ 16 መስመር ነው። ከላይ ጅማ አባ ጅፋር አለ፤ ቀጥሎ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ሁለቱ በነጥብ እኩል ጨርሰው በግብ ክፍያ ነው የተለያዩት። ከታች ሦስት ወራጆች አሉ፦ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እና ወልዲያ።

ሻምፒዮኑ ከከፍተኛ ሊግ ያደገው ለዚያው ዓመት ውድድር ነበር። ከወረዱት አንዱ ኤሌክትሪክ ደግሞ ሊጉ በ1990 በአሁኑ ቅርጹ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደ ክለብ ነው። አዲስ ገቢው ነገሠ፣ የመጀመሪያው ንጉሥ ወረደ። "ኳስ ነው፣ ያጋጥማል" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ከግብ ብዛት ያለፈ ነገር ይናገራል፦ ክለቡ የማን ነው? ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? ሜዳውስ የት ነው?

እስቲ ስሞቹን እንይ። ከ16ቱ መሠረታቸው አዲስ አበባ የነበረው አምስት ናቸው፦ ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ መከላከያ፣ ኤሌክትሪክ እና ደደቢት። አሥራ አንዱ ከየክልሉ ናቸው፦ ጅማ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ፣ ሲዳማ ቡና፣ ወላይታ ድቻ፣ አርባ ምንጭ፣ ፋሲል፣ ወልዲያ፣ መቀሌ እና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ። የመጨረሻው ልዩ ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ የኮሌጅ ስም የያዘው እሱ ብቻ ነበር። ስሙ እንጂ ነገሩ የኮሌጅ አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው፣ ተማሪዎች አይደሉም።

እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ በአንድ ቀን አልተሠራም። በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ውድድር አምስት ቡድን ብቻ ነበረው። ጊዮርጊስ የሐበሻው ነው። አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፤ አምስተኛው የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ሲሆን ዋንጫውንም የወሰደው እሱ ነው። ጣሊያን ከአገር በወጣ በሦስተኛው ዓመት የከተማዋ ገበያ፣ ጦርና ሠፈር በእነዚያ አምስት መስመሮች ውስጥ ይነበባል። ከዚያ በኋላ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ተደጋጋሚ ባለዋንጫ ሆነ። ቀጥሎ ሐማሴንና አካለ ጉዛይ ከኤርትራ መጡ። በ1950ዎቹ ደግሞ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ጊዜ ሆነ፤ በ1954 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ የተጫወተበት ክለብ ነው። ባለቤቱ ማኅበረሰብ፣ ከዚያ ጦር፣ ከዚያ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያ ፋብሪካ እያለ ተለዋወጠ።

በዚያን ጊዜ አንድ ጥሩ ነገር ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። እስከ 1990 ድረስ አገሩን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚያዞር አንድ ሊግ አልነበረም። ክፍለ ሀገራቱ በየራሳቸው ሻምፒዮና ተጫውተው አሸናፊዎቹ ናቸው ለኢትዮጵያ ሻምፒዮናነት የሚገናኙት። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው ከጎረቤቱ ጋር ነበር ማለት ነው። በ1990 ይህ ተለወጠ። ሊጉ አንድ ሆነ፣ ሰንጠረዡም አንድ ሆነ። ጥራቱ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። ዋንጫው ግን ከአዲስ አበባ መውጣት አቃተው። ከ1990 እስከ 2009 በነበሩት 20 ውድድሮች ጊዮርጊስ ብቻውን 14 ጊዜ ወሰደ። ከዋና ከተማው ውጭ ዋንጫ ያየው ሀዋሳ ብቻ ነው፤ እሱም በ1996 እና በ1999።

ስለዚህ የ2010 ሰንጠረዥ ለብቻው የሚታይ ነው። ከተሞቹ ተራቸው የደረሰበት ዓመት ነበር። ብዙዎቹ "ከነማ" የሚለውን ስም ተሸክመው የመጡ ናቸው። ቃሉ "የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር" ከሚለው ያጠረ የደርግ ዘመን ቅሪት ነው፤ ማኅበሩ ፈርሶ ስሙ ማሊያ ላይ ቀረ። አሁን ገንዘቡ ከከተማ አስተዳደሩ በጀት ይወጣል፤ ከንቲባው የክለቡ የበላይ ጠባቂ ይሆናል፤ ውጤቱም ለከንቲባው እንደ መንገድና እንደ ውኃ ቧንቧ የሚቆጠር ሥራ ሆነ። ክለቡ የከተማ ሲሆን ደጋፊው በስሜት አይጎድልም። ችግሩ የከተማው ኩራትም ቂምም አብሮ ወደ ሜዳ መግባቱ ነው።

ጅማ በገብረመድኅን ኃይሌ አሠልጣኝነት፣ በናይጄሪያዊው አጥቂ በኦኪኪ አፎላቢ ግቦች እስከ መጨረሻው ቀን ታግሎ ወሰደ። በዚያው ዓመት ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ጥሎ አለፈ። ዛማሌክን! በሊጉ ከላይኞቹ ያልነበረ የወላይታ ቡድን፣ የአፍሪካን ዋንጫ ደጋግሞ ያነሣ ክለብ ካይሮ ላይ አሰናበተ። ለከተሞቹ ኳስ ከዚያ የበለጠ ከፍታ አልመጣም።

የዓመቱ ሌላው ገጽ በሰሜኑ መንገድ ላይ ተጻፈ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርደው፣ ከዚያም በአጣዬና በከሚሴ አድርጎ ወደ ደሴ፣ ወልዲያ፣ መቀሌና አዲግራት የሚዘልቀው መንገድ ማለት ነው። ማጀቴ ከዚሁ መንገድ ጥቂት ወጣ ብላ ነው ያለችው። በዚያ ዓመት በዚህ አንድ መንገድ ጫፍና ወገብ ላይ ሦስት የፕሪምየር ሊግ ከተሞች ነበሩ። በየትኛውም ዘመን ለይፋት ሰው ትልቅ ኳስ እንደዚያን ጊዜ ቀርቦት አያውቅም።

ወልዲያ በጥር 2009 የተመረቀ 25,155 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነበራት። ያሠሩት ባለሀብት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ በጥቅምት 2010 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ተይዘው ውድድሩ ሲያልቅም አልተፈቱም ነበር። በኅዳር ወልዲያና መቀሌ ሊጫወቱ ቀጠሮ በያዙበት ሰሞን ከተማው ውስጥ ግጭት ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ጨዋታውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ተዛወሩ። "ገለልተኛ ሜዳ" ማለት ሲጠራ ቀላል ነው፤ ባለሜዳው ደጋፊ ሜዳውን አጣ ማለት ነው። የካቲት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፣ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በሚያዝያ መጨረሻ በወልዋሎና በመከላከያ ጨዋታ ዳኛ ተደበደበ፤ ዳኞች አንዳኝም አሉ፣ ሊጉ ለተወሰነ ጊዜ ቆመ። ኳሱ የአገሩን ትኩሳት ሳይለካ አልቀረም።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ማየት ይጠቅማል። አሜሪካኖች ራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበት የእነሱ "ፉትቦል" አለ። በቴሌቪዥን የምናየው ባለብዙ ሚሊዮን ዶላሩ ነው፤ ከሥሩ ግን የትንንሽ ኮሌጆች ኳስ አለ። ሦስተኛ ዲቪዚዮን በሚባለው እርከን ለተጫዋች በስፖርት ችሎታው የሚሰጥ ነጻ የትምህርት ዕድል የለም። ልጁ በሳምንቱ ክፍል ይማራል፣ ቅዳሜ ይጫወታል። መደበኛው ውድድር አሥር ጨዋታ ገደማ ነው። ኮሌጆቹ "ኮንፈረንስ" በሚሉት ማኅበር ይደራጃሉ፤ መመዘኛው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ አቅማቸው የሚቀራረብ መሆኑ እና በአውቶቡስ መድረስ መቻሉ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ያሉት ዊሊያምስ እና አምኸርስት የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ይጋጠማሉ። የእነሱ ኮንፈረንስ ለብዙ ዘመን ቡድኖቹን ወደ አገር አቀፉ የፉትቦል ማጣሪያ እንኳ አይልክም ነበር። የጎረቤታቸው ሰንጠረዥ ይበቃቸዋል።

ይህን የምናነሣው አሜሪካን ለማድነቅ አይደለም፤ እዚያም ዘመናቸውን ሙሉ ሲቧቀሱ የኖሩ ጎረቤቶች አሉ። ነገሩ ከአሠራሩ ላይ ነው። ሰባትና ስምንት ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ቡድን፣ ሜዳና ሰንጠረዥ የሚኖራት ከጎረቤት ጋር መጫወት በቂ ሆኖ ሲቆጠር ነው። እኛ ከ1990 ወዲህ የመረጥነው አንድ ረጅም መሰላል ነው። ከታችኛው ደረጃ ሆኖ የላይኛውን ያላየ እንዳልተጫወተ ይቆጠራል። ወልዲያ ከአርባ ምንጭ፣ አዲግራት ከጅማ ጋር ለመጫወት አገር ያቋርጣሉ፤ አጣዬና ማጀቴ፣ ከሚሴና ሸዋ ሮቢት እርስ በርስ የሚጫወቱበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ፣ በጋዜጣ የሚወጣ ሰንጠረዥ ግን የለም። በይፋት ማሾው ተለቅሞ፣ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ሲገለጥ ቀበሌ ከቀበሌ፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ይጋጠማል። ውጤቱ ሳምንት ይወራል፣ ከዚያ ይረሳል፤ የሚመዘግበው የለም። ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻም ማረሚያ ቤትም ያለባት ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ በጥጥ ፋብሪካዋ እንዳደረገችው ስሟን የሚያስጠራ ክለብ ግን አላገኘችም። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን እንኳ ፕሪምየር ሊግ አልደረሰችም።

ከ2010 በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። በ2011 መቀሌ ወሰደ። በ2012 ኮሮና መጥቶ ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሌላ ቅርጽ ይዞ ተመለሰ፦ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ከተማ ያመራሉ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ። ለቴሌቪዥን ሥርጭት ተመቸ፣ ለወረርሽኙ ጥንቃቄ ተመቸ፣ ለጸጥታም ተመቸ። ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም፤ ሰንጠረዡ 13 መስመር ሆነ። ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ባነሣበት በዚያው ዓመት ጸደይ አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ወረደ፣ ማጀቴንም ነካ። ያ መንገድ ለኳስ ደጋፊ አውቶቡስ ቀርቶ ለእህል ጫኝም የሚያስፈራ ሆነ።

ተሰብስቦ የመጫወቱ ሥርዓት ጊዜያዊ ተብሎ መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። ውጤቱንም ሰንጠረዡ ያሳያል። በ2010፣ በ2011 እና በ2013 የተጠናቀቁት ሦስት ተከታታይ ውድድሮች ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ተወሰዱ፤ ሊጉ ከተጀመረ ወዲህ ሆኖ የማያውቅ ነው። ከዚያ ጊዮርጊስ 2014ን እና 2015ን ወሰደ፤ 2016ን ንግድ ባንክ፣ 2017ን ኢትዮጵያ መድን። ሜዳና ደጋፊ ከጨዋታው ሲወጡ የቀረው የሆቴል ወጪና ደመወዝ ነው፤ በዚህ ደግሞ ባንክንና ኢንሹራንስን የሚያክል የከተማ ማዘጋጃ ቤት የለም። የከተማው ክለብ ጉልበቱ ቅዳሜና እሑድ ሜዳውን የሚሞላው ሰው ነበር። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ቡድኑን ያይ የነበረው ዲኤስቲቪ ቤት ከፍሎ ገብቶ ነው፤ እሱም የእንግሊዝ ጨዋታ ከሌለ።

ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ወረደ፤ ዋንጫውን ካነሣ አራት ዓመት መሆኑ ነው። የመቀሌ፣ የአዲግራትና የሽሬ ክለቦች በ2017 ተመልሰው ሊጉ 19 ቡድን ሲሆን እነሱም እንደ ሌላው ሁሉ ከሜዳቸው ርቀው ተጫወቱ። ወልዲያ ግን ተመልሶ አላደገም፤ ስታዲየሙም የፕሪምየር ሊግ ውድድር ሲያስተናግድ አልታየም። መድንን በ2017 ሻምፒዮን ያደረገው አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ነው፤ በ2010 ጅማን፣ በ2011 መቀሌን ለዋንጫ ያበቃው ያው ሰው።