ሐሰተኛ ጀግናና ችኩል ከሳሽ፦ የዘማችነት ማስረጃ በታሪክ ዓይን



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለመስማት ቀላል፣ ለመፍረድ ግን ከባድ ነው። አንድ ሰው ባልዋለበት ጦርነት ውያለሁ፣ ያልተሰጠውን ኒሻን ተሸልሜአለሁ ብሎ በአደባባይ ይናገራል። ሌላው ደግሞ በዚያው አደባባይ ተነሥቶ «ዋሽተሃል» ይለዋል። ይህ ከሳሽ በምን ማስረጃ ይቆማል? ቢሳሳትስ ዕዳውን ማን ይከፍላል? ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከአሜሪካና ከብሪታንያ ታሪክ ነው፤ ጉዳዩ በሕግም በመዝገብም በሰፊው የተፈተሸው በእነዚህ አገሮች ነውና። በመጨረሻ ግን ወደ ራሴ ስሕተት እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 በካሊፎርኒያ፣ ክላሬሞንት ከተማ፣ የአንድ የውሃ አስተዳደር ቦርድ ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። ዣቪየር አልቫሬዝ የተባለው የቦርድ አባል ራሱን ሲያስተዋውቅ ለ25 ዓመታት በማሪን ጦር ማገልገሉን፣ በ1987 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት የሆነውን የክብር ሜዳይ መቀበሉን ተናገረ። ሁለቱም ሐሰት ነበሩ። በዚያን ጊዜ «የተሰረቀ ጀግንነት» በሚል ስም የሚታወቀው የ2005 ሕግ፣ ሜዳይ ተሸልሜአለሁ ብሎ መዋሸትን ብቻውን ወንጀል አድርጎት ስለነበር አልቫሬዝ ተከሰሰ፤ ተፈረደበትም። ጉዳዩ በይግባኝ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በጁን 28 ቀን 2012፣ በ6 ለ3 ድምፅ፣ ሕጉ የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ሲል ሻረው። ኮንግረሱ በ2013 ያወጣው አዲስ ሕግ የሚቀጣው በውሸቱ ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ሌላ ተጨባጭ ጥቅም ለማግኘት ያሰበውን ነው።

ለታሪክ ተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ከውሳኔው ውጤት ይልቅ ምክንያቱ ነው። ዋናውን አስተያየት የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ የሐሰት ንግግር መድኃኒቱ እውነተኛ ንግግር ነው የሚለውን መርሕ አስቀመጡ። አልቫሬዝ በሕዝብ ፊት መሳለቂያ መሆኑን ጠቀሱ፤ መንግሥት የተሸላሚዎችን ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ቢያደርግ ሐሰተኛው በቀላሉ እንደሚታወቅም አመለከቱ። እኔ በዚህ ፍርድ እስማማለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ፍርዱ የማጋለጡን ሥራ ከዐቃቤ ሕግ ወስዶ ለዜጋ አስረከበ። ዐቃቤ ሕግ የማስረዳት ሸክም አለበት፤ ተከሳሹም መልስ የመስጠትና ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለው። አደባባይ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ዜጋው የሚፈርደው በመዝገብ ነው እንበል። መዝገቡስ ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. በጁላይ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ አጠገብ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማእከል የተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደሮች ፋይሎችን አወደመ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ሰዎች የ80 በመቶው ያህል ፋይል በዚያ ጠፋ። ለእነዚህ ፋይሎች ቅጂም ሆነ ማይክሮፊልም አልነበረም። እንግዲህ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና በኮርያ የዘመተ ሰው «ስምህ ከመዝገብ የለም» ቢባል፣ የጠፋው መዝገቡ እንጂ አገልግሎቱ ላይሆን ይችላል። የሰነድ አለመኖር የድርጊት አለመኖርን አያረጋግጥም የምንለው ለዚህ ነው።

የአደባባይ ክስ ያለ ምርመራ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ የብሪታንያ ታሪክ ያሳየናል። እዚያ የተጠረጠሩት ሳይዘምቱ ዘምተናል ያሉት ሳይሆኑ ከዘመቻ ቀርተዋል የተባሉት ናቸው፤ የክሱ ባሕርይ ግን አንድ ነው። አድሚራል ቻርልስ ፔንሮዝ ፊትዝጄራልድ በኦገስት 30 ቀን 1914 በፎክስቶን ከተማ 30 ሴቶችን አደራጅተው፣ የወታደር ልብስ ላልለበሰ ወጣት ሁሉ የፈሪነት ምልክት የሆነውን ነጭ ላባ እንዲሰጡ አሰማሩ። ልማዱ በአገሪቱ ሁሉ ተዛመተ። ማስረጃው ልብስ ብቻ ነበርና ላባው ለዕረፍት ለመጣ ወታደርም፣ ቆስሎ ለተሰናበተም ደረሰ። በመጨረሻ መንግሥት በሴፕቴምበር 1916 በቁስል ወይም በሕመም በክብር ለተሰናበቱ ሰዎች ቁጥር ያለው የብር ምልክት ማደል ጀመረ። አስቡት፤ ለአገሩ የቆሰለ ሰው ከገዛ ወገኑ ስድብ ለመዳን ደረቱ ላይ ማስረጃ መሰካት ነበረበት።

ይህን ስል ሐሰተኛው ይተው ማለቴ አይደለም። ማጋለጥ በሥርዓት ሲሠራ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በ1959 በቴክሳስ የሚኖሩት ዋልተር ዊሊያምስ የተባሉ አዛውንት የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት የመጨረሻው ዘማች ተብለው በመላ አገሪቱ ይከበሩ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ግን ወደ አዛውንቱ አልጋ ሄዶ አላፋጠጣቸውም፤ ወደ ሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ሄደ። የ1860 ቆጠራ ሰውየው ያኔ የ5 ዓመት ሕፃን እንደነበሩ ያሳያል። ጦርነቱ ሲያበቃ ገና 10 ዓመት ገደማቸው ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሲሞቱ ግን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ብሔራዊ የሐዘን ቀን ዐወጁላቸው። በኋላ የታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ማርቬል የመጨረሻዎቹ የደቡብ ዘማቾች ነን ያሉትን ሌሎች አዛውንት ሲመረምር ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የጨመሩት ጡረታ ፍለጋ ነበር፤ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ለድኻ ሽማግሌ የዘማች ጡረታ የዕለት እንጀራ ነበረና። መዝገቡ ውሸቱን አሳየ፤ የውሸቱን ምክንያት ያሳየን ግን የዘመኑ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ረዳት መምህር ሳለሁ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የካራማራን ድል ለማስታወስ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ አዛውንት ተነሥተው ካራማራ ላይ መዋጋታቸውን ተናገሩ። ዘመኑን ስጠይቃቸው «ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር» አሉ። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ «አባቴ፣ ካራማራ ድል የሆነው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ የካቲት ደግሞ በጋ ነው» አልኋቸው። ሰዉ ሳቀ። እርሳቸው ምንም አልመለሱም፤ ከዘራቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ።

ከወራት በኋላ የጅጅጋን አወዳደቅ ሳነብ ደነገጥሁ። ካራማራ አንድ ጊዜ ብቻ የተዋጉበት ስፍራ አልነበረም። ከድሉ በፊት ሽንፈት ነበር፤ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ የወደቀችው፣ የካራማራም በር የተለቀቀው በ1970 ዓ.ም. መግቢያ፣ ልክ ክረምቱ ሲወጣ ነው። አዛውንቱ የተናገሩት እኛ ስለማናከብረው ውጊያ ነበር። ቤታቸው ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ቡና አስፈልተው ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸኝ ያሸነፍንበትን ቀን ነው» አሉኝ። ተመልሰው በሕዝብ ፊት እንዲናገሩ ብለምናቸው ግን እምቢ አሉ። ያሳፈርኋቸው በአደባባይ፣ ይቅርታ የጠየቅኋቸው በጓዳ ነበር። የሳቁት ሰዎች እስከ ዛሬ እውነቱን አልሰሙም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የተሳሳተው የጠቀስሁት ቀን አልነበረም፤ ቀኑ ትክክል ነበር። የተሳሳተው አንድ ትክክለኛ ቀን የሰውን ሁሉ ታሪክ ለመዳኘት ይበቃል ብዬ ማሰቤ ነው። በአገራችን የፉከራ ሥርዓት ጀግናው ገድሉን የሚናገረው አብረውት የዋሉ ጓዶቹ በተቀመጡበት ነበር። የሚያርመውም የሚመሰክርለትም ያየው ሰው ነው። እኔ ያን ቀን ዳኛ የሆንሁት ምስክር ሳልፈልግ ነው።

ስለዚህ ከማንም የዘማችነት ቃል ጋር ስትገናኙ ይህን ቅደም ተከተል እንድትጠብቁ አደራ እላለሁ። መጀመሪያ ባለቤቱን ብቻውን ጠይቁት፤ የት፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ክፍል እንደነበረ ያስረዳ። ቀጥሎ መዝገቡን መርምሩ፤ መዝገቡ ራሱ ምን እንደጎደለውም እወቁ። ከዚያ አብረውት የነበሩትን ፈልጉ። ውሸቱ ከተረጋገጠና በውሸቱ ሥልጣን፣ ገንዘብ ወይም የሌላ ሰው ክብር የተወሰደበት ከሆነ፣ በማስረጃ ይነገር፤ ዝምታ ያን ጊዜ በእውነተኛው ዘማች ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ከሳሹ ከተሳሳተ ደግሞ ስሕተቱን ያርም፤ የሚያርመውም በከሰሰበት አደባባይ ላይ ይሁን።

ይህን ንግግር ለማድረግ የተስማማሁት በከፊል ለዚሁ ነው። እኒያ አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ግን በሕዝብ ፊት የተናገርሁትን በሕዝብ ፊት እመልሳለሁ፦ ካራማራ ላይ ነበሩ።