መዝረዓና ብሩታዊት

መዝረዓ የተባለው የቤሩት ሠፈር ስሙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በዐረብኛ የእርሻ ስፍራ ማለት ነው፤ በግእዝ «ዘርዐ»፣ በአማርኛ «ዘራ» ከምንለው ጋራ ከአንድ ሥር የበቀለ ቃል ነው። አሮጌው ከተማ በቅጥር ታጥሮ ወደቡን ተጠግቶ በኖረበት ዘመን ይህ ምድር ከቅጥሩ ውጭ የአትክልትና የእርሻ ቦታ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ከተማው ሲሰፋ አትክልቱ ጠፍቶ ፎቅና ጎዳና በቀለበት፤ ስሙ ግን ቀረ። የታሪክ ከተማን የሚጎበኝ መንገደኛም የጥንቱን ዘርና የዛሬውን ፍሬ አገናኝቶ ካልተመለከተ፣ ብዙ ያያል እንጂ ጥቂት እንኳ አያስተውልም።

በመዝረዓ ሰፊ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው በ1942 ዓ.ም. ከተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይደርሳል። በዚያ የጌባል ንጉሥ የአኪራም የድንጋይ ሣጥነ ሬሳ ይገኛል። በላዩ የተቀረጸው የፊንቄ ጽሕፈት ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ አልፍ፣ ቤት ብለን የምንቆጥረው የእኛ ፊደልም የዚያ ጥንታዊ ቤተ ሰብ ዘመድ ነው። ከ1975 እስከ 1990 ዓ.ም. በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከተማውን ለሁለት የከፈለው መሥመር በዚህ ስፍራ ያልፍ ነበርና፣ የቅርሶቹ ጠባቂ ሞሪስ ሸሃብ ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው ትልልቆቹን ቅርሶች በሲሚንቶ ሸፍነው፣ ትንንሾቹንም በምድር ቤት ውስጥ በግንብ ዘግተው አተረፏቸው። ለድንጋይ እንኳ ይህን ያህል የሚራራ ልብ ከተገኘ፣ በእግዚአብሔር አርኣያ ለተፈጠረው ሰው ምን ያህል ሊራራ ይገባው ይሆን?

የኢትዮጵያ ምእመን ቤሩትን በዓይኑ ሳያይ ያውቃታል። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ሲወጋ፣ በአጠገቡ አንዲት ብላቴና ትታያለች፤ ሠዓሊዎቻችን ብዙ ጊዜ በዛፍ ላይ ያስቀምጧታል። ስሟ ብሩታዊት ነው፤ የቤሩት ልጅ ማለት ነው። ወገኖቿ ለደራጎኑ አሳልፈው የሰጧት፣ ከአገሯ ሰው ረዳት ያጣች፣ ነገር ግን ከሩቅ በመጣ መንገደኛ እጅ የዳነች ናት። ከተማይቱም ይህን ነገር አልረሳችም። የባሕሩ ሰላጤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ይጠራል፤ በመሐል ከተማ የግሪክ ኦርቶዶክሶችና የማሮናውያን ካቴድራሎች ሁለቱም በስሙ ተሠርተዋል። ሙስሊሞችም ኸድር ከሚሉት ቅዱስ ሰው ጋራ አንድ አድርገው ያከብሩታል፤ በወንዙ አቅራቢያ ያለው የኸድር መስጊድ ቀድሞ የጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነበረ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ዓ.ም. በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ሲገድል እነዚህንም የጸሎት ቤቶች ጎድቷቸዋል።

ቤሩት በሮማውያን ዘመን በሕግ ትምህርት ቤቷ የታወቀች ነበረች። በቤተ ክርስቲያናችን ከአባቶች ጋራ የሚታሰበው የአንጾኪያው ቅዱስ ሳዊሮስ በወጣትነቱ ሕግ የተማረው በዚህ ነው፤ የተጠመቀውም በ488 ዓ.ም. በሊባኖስ ትሪፖሊ ነው። አብሮት የተማረው ዘካርያስ በጻፈው ገድሉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይተርካል። በጥንቆላ የተጠመደ አንድ የሕግ ተማሪ የሚመኛትን ሴት ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያዊ ባሪያውን ለአጋንንት ሊሠዋ አስቦ በእኩለ ሌሊት ወደ ፈረስ እሽቅድድሙ ሜዳ ወሰደው። በዚያች ሰዓት ግን በእግዚአብሔር ፈቃድ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ክፉዎቹ ደንግጠው ሸሹ፤ ብላቴናውም አመለጠ። ነገሩ ሲገለጥ ክርስቲያን ተማሪዎች የዚያን ሰው ቤት ፈትሸው የጥንቆላ መጻሕፍቱን አስወጥተው በእሳት አቃጠሉ። በዚያ ዘመን ግሪኮች ጥቁርን ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ነበርና የብላቴናው ትውልድ ከየት እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ስሙም አልተጻፈም። የሕግ ትምህርት በሚሰጥበት ከተማ ሕግ ያልጠበቀውን ሰው ያዳኑት ግን መንገደኞች መሆናቸው ይታወቃል። ያ ታላቅ ከተማ በ551 ዓ.ም. በምድር መናወጥ ፈረሰ።

ጾመኛው መንገደኛ በሊባኖስ ማዕድ አይቸገርም። ምስር ከሩዝና ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋራ የሚሠራው መጀደራ፣ ሽምብራ ከሰሊጥ ጋራ የሚፈጨው ሑሞስ የጾም ምግቦች ናቸው። በቅድስት በርባራ በዓልም ስንዴ ቀቅለው በስኳርና በሮማን ፍሬ አጣፍጠው ይበላሉ፤ ይህም የእኛን ንፍሮ ያስታውሳል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ይህን ማዕድ የምታሰናዳው እጅ የማን እንደ ሆነ ልንጠይቅ ይገባል። በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች በሊባኖስ ቤቶች አገልግለዋል። «ከፋላ» በሚባለው ሥርዐት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፣ በደግ ቤት የገባችው በሰላም ስትኖር፣ በክፉ ቤት የገባችው ደመወዟንና ፓስፖርቷን ተከልክላ፣ በሩም ተቈልፎባት ትጨነቃለች። በ2020 ዓ.ም. የአገሩ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ ብዙዎች ደመወዛቸው ሳይከፈል በቆንስላው ደጅ ተጥለው ታዩ።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ውለታ እናስብ። ከቤሩት በስተደቡብ ካለችው ከጢሮስ የተነሡ ሁለት ብላቴኖች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በባሕር ዳር ተማርከው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ቀረቡ። በባዕድ ቤት አገልጋዮች ነበሩ። ነገር ግን ንጉሡ አመናቸው፣ አከበራቸው፣ ኋላም ነጻ አወጣቸው፤ ፍሬምናጦስም በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆነ። አባቶቻችን እነዚያን የሊባኖስ ልጆች በክፉ ይዘዋቸው ቢሆን ኖሮ ያ ብርሃን በእነርሱ እጅ ባልደረሰን ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ የአክሱም ልጆች በጢሮስና በቤሩት ቤቶች ያገለግላሉ። ያንኑ ክብር ከዚያ አገር ሰው ብንጠይቅ የምንጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን የቆየ ብድር ነው። ከእኛ በኩል ደግሞ፣ እኅቶቻችንን የረሳን እንደ ሆነ፣ ሥዕሉን እየሳለምን ብሩታዊትን ለደራጎኑ መተዋችን ነው።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ወደ ቤሩት የምትሄዱ ሁሉ ቤተ መዘክሩን እዩ፣ በካቴድራሎቹ ጸልዩ፣ ከማዕዱም ቅመሱ። በመዝረዓ ጎዳና የአገራችሁን ልጅ ብታገኟት ግን ሳትናገሯት አትለፉ። በቋንቋዋ ሰላም በሏት፤ ስሟን ጠይቁ፤ የታመመች ወይም የተጨነቀች ብትሆን ወደሚረዳት አድርሷት፤ ለእናቷ የምትልከው ቃል ቢኖራትም ተቀበሏት። በእኩለ ሌሊት በሜዳው ያለፉት መንገደኞች ሰው እንዳዳኑ ሳያውቁ አዳኑ፤ እኛ ግን እያወቅን ብናልፍ ምን መልስ እንሰጣለን?

የሰማዕቱ አምላክ የተጓዡን መንገድ ያቅና፤ በባዕድ አገር ያሉትንም ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።