ኖርዎክ ቫይረስ
የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ፣ ጥቁርና ነጭ
አሜሪካ፣ 1972 እ.ኤ.አ.

በ1968 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት ኖርዎክ ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሪዎችና ከመምህራን ግማሽ ያህሉ በሁለት ቀን ውስጥ በማቅለሽለሽ፣ በትውከትና በሆድ ቁርጠት ታመሙ። ለበሽታው ተጠያቂ የሚሆን ባክቴሪያ አልተገኘም።

ከአራት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ዶክተር አልበርት ካፒኪያን፣ ከተበከለ ሰገራ የተጣራ ፈሳሽን ከበሽታው ካገገመ ሰው ሴረም ጋር ቀላቀለ። በሴረሙ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሶቹን እርስ በርስ አጣበቋቸው። በምስሉ ላይ ተከማችተው የሚታዩት ክብ ቅንጣቶች እነዚያ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ስፋት 27 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሰውነት ለመከላከያ የሠራው መሣሪያ ተሰውሮ የኖረውን ጠላት ለዓይን አጋለጠ።

ይህ ዛሬ ኖሮቫይረስ ከሚባሉት መካከል መጀመሪያ የታወቀው ነው። በእጅ፣ በምግብ፣ በውሃና በትውከት ፍንጣቂ ይተላለፋል፤ ለማሳመም ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል። የስብ ሽፋን ስለሌለው አልኮል እምብዛም አይጎዳውም፤ እጅን በሳሙናና በውሃ ፈትጎ መታጠብ ይሻላል።

ታሞ የዳነ ሰው የሚያገኘው መከላከያ ዕድሜ ልክ አይዘልቅም። የቫይረሱ ዝርያዎችም ብዙ ስለሆኑ አንዱን የተቋቋመ በሌላው ሊታመም ይችላል። በአንጻሩ፣ ቫይረሱ የሚጣበቅበት የስኳር ዓይነት በተፈጥሮ አንጀታቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ኖርዎክ ቫይረስ አይዛቸውም።